መካነ ብርሃን ድረስ የሚዘልቅ የቢልድ መመሪያ

ፕሮግራም ጽፈው ለሌላ ሰው ሲያስረክቡ፣ ተቀባዩ ከኮዱ በፊት የሚያነበው «ለመገንባት የሚያስፈልጉ» የሚለውን ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በመጨረሻዋ ሰዓት፣ ከትዝታ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ጥሩ ኢንተርኔት ያለው ሰው የተሳሳተ ዝርዝር ቢደርሰው ትንሽ ይናደዳል፣ የጎደለውን አውርዶ ይቀጥላል። በጃናሞራ ወረዳ፣ መካነ ብርሃን ላይ ሆኖ በፍላሽ የደረሰውን ለሚጭን መምህር ግን የጎደለችው አንዲት ፋይል ብትሆንም ሥራው እዚያው ይቆማል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ችግሩ የሩቅ ገጠር ብቻ እንዳልሆነ ከተሞቹም አይተውታል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ዲፔንደንሲ፣ ማለትም ፕሮግራምዎ የሚደገፍበትን ሌላ ፕሮግራም፣ ላይብረሪ ወይም ፋይል፣ «ግዴታ» ወይም «አማራጭ» ብሎ መለየት ትልቅ ኃላፊነት ነው። አማራጩን ግዴታ ካሉት ሰውየውን ለማያስፈልገው ነገር ያደክሙታል። ግዴታውን አማራጭ ካሉት ደግሞ ደክሞ ደክሞ የማይሠራ ነገር እጁ ላይ ይቀራል። ከሁለቱ ሁለተኛው ይከፋል።

በምሳሌነት የምንይዘው ቴሰራክትን ነው። ቴሰራክት የታተመ ጽሑፍን ከፎቶ ወይም ከስካን አንብቦ ወደሚፈለግና ወደሚታረም ጽሑፍ ይቀይራል። ሂውሌት ፓካርድ ውስጥ ከ1985 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ጉግል ለዓመታት አሳድጎታል። አማርኛም ትግርኛም የሚያነብ ሞዴል አለው። የቆየ የፈተና ወረቀት፣ ጋዜጣ ወይም የታተመ መጽሐፍ ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት የሚፈልግ ትምህርት ቤት በነፃ ሊጠቀምበት ይችላል። (የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍትን ግን በዚህ ሞዴል አነባለሁ ብለው ለማንም ቃል አይግቡ፤ የተዘጋጀው ለኅትመት እንጂ ለእጅ ጽሕፈት አይደለም።) ለእኛ ጉዳይ የሚመቸው ደግሞ ዲፔንደንሲዎቹ በሁሉም ዓይነት ስለሚገኙ ነው።

መጀመሪያ ማን ምን ሊሠራበት እንደሆነ ይወስኑ

«ይህ ላይብረሪ ግዴታ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ለማን ነው ግዴታው? ቴሰራክትን የሚገነባ ሰው ቢያንስ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ያለውን የአማርኛ ሞዴል ተጠቅሞ ገጽ ማንበብ ብቻ ይፈልጋል። ሌላው፣ ለምሳሌ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመመረቂያ ሥራ የሚሠራ ተማሪ፣ አዲስ ሞዴል ማሠልጠን ይፈልጋል።

ለመጀመሪያው ሰው፣ ኋላ ከምናያቸው የግንባታ መሣሪያዎችና ፋይሎች ሌላ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ 17ን የሚረዳ ኮምፓይለርና ሌፕቶኒካ የተባለው የምስል ላይብረሪ ይበቁታል። ለሁለተኛው ግን አይ.ሲ.ዩ.፣ ፓንጎና ካይሮም ይጨመራሉ፤ ጽሑፍን በተለያየ ፎንት ወደ ምስል እየቀየሩ የማሠልጠኛ ናሙና የሚያዘጋጁት መሣሪያዎች ያለ እነሱ አይገነቡም። ሦስቱን ላይብረሪዎች «አማራጭ» ብለው ብቻ ቢጽፉ ተማሪውን ያሳስቱታል፤ «ግዴታ» ቢሉም መምህሩን ያለ ምክንያት ያስቸግሩታል።

በመመሪያዎ አናት ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር «ይህ ዝርዝር የተዘጋጀው የታተመ አማርኛ ለማንበብ ብቻ ለሚፈልግ ነው» ብለው ይጻፉ። ለሌላው ዓላማ ሌላ ንዑስ ርዕስ ይክፈቱ። ይህን ሳይወስኑ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚለካው በዚህ ነው።

ዝርዝሩን ከኮዱ ያውጡት

ኮምፒውተርዎ ላይ ባለፉት ዓመታት የጫኑት ነገር ሁሉ አለ፤ ስለዚህ ምን እንደተጠቀሙ ራስዎም አያውቁትም። ምስክሩ የቢልድ ፋይሉ ነው። ሲሜክ የሚጠቀሙ ከሆነ ፓኬጅ የሚፈልጉትን መስመሮች አንድ በአንድ ያንብቡ። አንዳንዶቹ ላይ «ሪኳየርድ» የሚል ቃል አለ፤ ካልተገኘ ግንባታው ይቆማል ማለት ነው። ያ ቃል የሌለባቸው ደግሞ ቢጠፉም ብዙውን ጊዜ ግንባታው ይቀጥላል። በኮንፊገር ስክሪፕት የሚሠራ ከሆነም ስክሪፕቱ የሚያወጣውን መልእክት እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ቴሰራክት ፓንጎን ሲያጣ የማሠልጠኛ መሣሪያዎቹ እንደማይገነቡ በማስጠንቀቂያ ይናገራል፤ ከዚያ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ብዙ ሰው ያን መስመር ሳያየው ያልፋል።

ከዚያ የተገነባውን ፕሮግራም ራሱን ይጠይቁ። ሊኑክስ ላይ ኤልዲዲ የሚባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚጠራቸውን ላይብረሪዎች ያሳያል። ከጠበቁት በላይ ረጅም ዝርዝር ከወጣ አይደናገጡ፤ የማያውቁት ስም ካለ ግን በማን በኩል እንደገባ እስኪያውቁ ድረስ አይለፉት።

የግንባታን ጊዜ ከሥራ ጊዜ ይለዩ

ምጣድ እንጀራ ለመጋገር ነው፤ እንጀራውን የሚበላው ሰው ምጣድ ተሸክሞ አይሄድም። ኮምፓይለር፣ አውቶኮንፍ፣ አውቶሜክ፣ ሊብቱልና ፒኬጂ ኮንፊግ የሚያስፈልጉት ከምንጭ ኮዱ ለሚገነባ ሰው ነው። ጎንደር ላይ ተገንብቶ ያለቀውን ፕሮግራም ለሚቀበል ትምህርት ቤት አንዳቸውም አያስፈልጉም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናቅፍ አንድ ነገር አለ። ዴቢያንና ኡቡንቱ አንድን ላይብረሪ ለሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱ ፕሮግራም ሲሠራ የሚጠራው፣ ሌላው «ዴቭ» የሚል ቅጥያ ያለው፣ ሲገነባ ብቻ የሚያስፈልጉትን የራስጌ ፋይሎች የያዘ ነው። መመሪያዎ «ሌፕቶኒካ ይጫኑ» ብቻ ካለ፣ ሰውየው የመጀመሪያውን ጭኖ «አለኝ እኮ» እያለ ኮንፊገር «አላገኘሁም» ይለዋል። የፓኬጁን ስም ከነቅጥያው፣ ለየትኛው የሊኑክስ ሥርጭት እንደሆነ ጨምረው ይጻፉ። ዝቅተኛውን ቨርዥንም አይርሱ፤ ለቴሰራክት 5 ሌፕቶኒካ 1.74 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት።

የሰነድ ገጾችን ለማዘጋጀትና ፈተናዎችን ለማስኬድ ብቻ የሚያስፈልጉትን በሌላ አንቀጽ አስቀምጠው ይለፉ።

አንድ በአንድ እያወጡ ይሞክሩ

የሥራው ልብ ይህ ነው። ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ፣ ወይም አዲስ በተከፈተ ቨርቹዋል ማሽን ላይ፣ ሙሉው ዝርዝር ሲኖር ግንባታው እንደሚሳካ ያረጋግጡ። ከዚያ አንዱን ዲፔንደንሲ አውጥተው እንደገና ከባዶ ይገንቡ። መልሰው ይጫኑት፣ ሌላውን ያውጡ። አሰልቺ ነው፤ አቋራጭ ግን የለውም።

ግንባታው ቢቆም ነገሩ ግዴታ ነው፣ ክርክር የለውም። ግንባታው ተሳክቶ አንድ አገልግሎት ቢቀር፣ የቀረው አገልግሎት ከላይ ለወሰኑት ሰው ዓላማ የግድ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። ምንም ካልተለወጠ ከዝርዝሩ ይሰርዙት። አደገኛው አራተኛው ዓይነት ነው፤ ግንባታው ይሳካል፣ ፕሮግራሙም ይነሣል፣ የሚወድቀው ግን ሰውየው የመጀመሪያውን እውነተኛ ሥራ ሲሰጠው ነው።

ሌፕቶኒካ የሚደገፍባቸው የምስል ላይብረሪዎች የዚህ ዓይነት ናቸው። ሌፕቶኒካ የፒኤንጂ፣ የጄፔግና የቲፍ ምስሎችን የሚከፍተው በእነሱ ነው። ሌፕቶኒካን ያለ እነሱ ቢገነቡትም አይቆጣም፤ ባዶ መተኪያ ፋንክሽኖች ስላሉት ያለ ችግር ይገነባል። ቴሰራክትም በላዩ ላይ ይገነባል። መምህሩ ስካን ያደረገውን የጄፔግ ፎቶ ሲሰጠው ግን ያ ፋንክሽን የለም የሚል ስሕተት ይወጣና ሥራው ያበቃል። ለሌፕቶኒካ ባለቤቶች የጄፔግ ላይብረሪ በእውነት አማራጭ ነው። ለእርስዎ መምህር ግን፣ ፎቶው ከስልክ የሚመጣ እስከሆነ ድረስ፣ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ለዲፔንደንሲዎችዎ አማራጭ የሆነውን ሳይመረምሩ አይለፉ። የሚከተለውን ቀላል ፍተሻም በመመሪያዎ ውስጥ ያስገቡ። ቴሰራክት ቨርዥኑን ሲጠየቅ፣ የሌፕቶኒካን ቨርዥንና ሌፕቶኒካ የተገነባባቸውን የምስል ላይብረሪዎች ስም ይዘረዝራል። ተቀባዩ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የጄፔግና የፒኤንጂ ላይብረሪዎችን ካላየ፣ ፎቶ ከማንሣቱ በፊት ያውቃል።

ላይብረሪ ያልሆነውንም ይቁጠሩ

ዳታ ፋይሎች ከዲፔንደንሲ ዝርዝር በቀላሉ ይረሳሉ። ቴሰራክት ቋንቋ ካልተነገረው በቀር የሚፈልገው የእንግሊዝኛን ሞዴል ነው። የዴቢያን ፓኬጅም የእንግሊዝኛውን ሞዴል የግድ አብሮ ይጭናል፤ የአማርኛው ግን ለብቻው መጠየቅ ያለበት ሌላ ፓኬጅ ነው። ከምንጭ ኮዱ የሚገነባ ሰው ደግሞ ምንም ሞዴል አብሮ አያገኝም። ስለዚህ ግንባታው ያለ አንዳች ስሕተት አልቆ ዳታ ፋይሉን መክፈት አልቻልኩም የሚል መልእክት ይጠብቀዋል።

ለአማርኛ አንባቢ የአማርኛው ሞዴል ከሌፕቶኒካ እኩል ግዴታ ነው፤ ፋይሉ የሚቀመጥበትን ማውጫም ይንገሩት። የእንግሊዝኛውን ደግሞ «የሚመከር» ይበሉት። የሳይንስና የሒሳብ መጻሕፍቶቻችን ሁለቱን ቋንቋዎች እየቀላቀሉ ስለሚጽፉ፣ ሁለቱን ሞዴሎች አንድ ላይ መጥራት ይጠቅማል። የገጹን አቅጣጫ የሚለየውን ሞዴልም ከዚያው ጋር ያስቀምጡት፤ ተገልብጦ ስካን የተደረገ ገጽ በየትኛውም ቢሮ አይጠፋም።

ለሚያሠለጥን ተማሪ ፎንት ራሱ ዲፔንደንሲ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በቨርዥን 3.0 ነው፤ ዛሬ አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛሉ። የትኛውን ፎንት እንደተጠቀሙ በስም ይጻፉ። ዊንዶውስ ላይ ያለውን ኒያላ ተጠቅመው ከሆነ፣ ሊኑክስ ያለው ሰው እሱን እንደማያገኝ ያስቡለት።

መደቡን ይስጡ፤ ሁለት ሳይሆን ሦስት

ሊኑክስን ከምንጭ ኮድ ለሚገነቡ ሰዎች የተዘጋጀው «ቢዮንድ ሊኑክስ ፍሮም ስክራች» የተሰኘው መጽሐፍ ዲፔንደንሲዎችን ለሦስት ይከፍላል፤ ግዴታ፣ የሚመከር፣ አማራጭ። ዴቢያንም ከሞላ ጎደል በዚሁ መንገድ ይሄዳል። እኔም ሦስቱን እመርጣለሁ። «የሚመከር» የሚለው መደብ ከሌለ፣ ጸሐፊው በመካከል ያለውን ሁሉ ለጥንቃቄ ሲል ግዴታ ውስጥ ይወረውረዋል።

ግዴታ ማለት ያለ እሱ አይገነባም፣ ወይም የተወሰነው ሰው የተወሰነውን ሥራ ጨርሶ መሥራት አይችልም። የሚመከር ማለት ያለ እሱም ይሠራል፣ መመሪያው ግን እሱ እንዳለ ቆጥሮ ተጽፏል፤ የተወው ሰው አንዳንድ ትእዛዝ መቀየር ይኖርበት ይሆናል። አማራጭ ማለት በግልጽ የሚታወቅ ተጨማሪ አገልግሎት የሚሰጥ ነው። ምን እንደሚጨምር በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ፣ አማራጭ ብሎ መመደብም አይገባዎትም።

በቴሰራክት ረገድ፣ ምስልን ከኢንተርኔት አድራሻ በቀጥታ ለማንበብ የሚያገለግለው ከርል ጥሩ የአማራጭ ምሳሌ ነው። መካነ ብርሃን ላሉት መምህር ምንም አይጨምርላቸውም፤ ለሌላ ሰው ሊጨምር ይችላል። የስካነር ሥራ ላለበት ቦታ የቲፍ ላይብረሪ «የሚመከር» ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ገጾችን በአንድ ፋይል የሚያስቀምጡ አንዳንድ ስካነሮች ይህን ዓይነት ፋይል ይጠቀማሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መደቡ በአጠቃቀም ይወሰናል። ቴሰራክትን እየጠራ ፒዲኤፍ ፋይሎችን የሚያዘጋጀው ኦሲአርማይፒዲኤፍ፣ አንፔፐር የተባለውን ፕሮግራም የሚፈልገው ተጠቃሚው ገጹ እንዲጸዳ ሲያዝ ብቻ ነው። ይህን የመሰለውን «ይህን ትእዛዝ ከተጠቀሙ ግዴታ» ብለው ይጻፉት።

ራሱ ፈልጎ የሚያስገባውን ይቆጣጠሩ

ብዙ የቢልድ ስክሪፕቶች አንድ ላይብረሪ ኮምፒውተሩ ላይ ካገኙ ሳይጠይቁ ይጠቀሙበታል፣ ካላገኙም ዝም ይላሉ። ውጤቱ አንድ ኮድ በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ሁለት የተለያየ ፕሮግራም ይሆናል። እርስዎ ቤት የተገነባው መምህሩ ጋ ሲደርስ፣ ግዴታ ነው ብለው ያልጻፉትን ላይብረሪ ይጠይቃል።

መፍትሔው እያንዳንዱን አማራጭ በግልጽ የሚከፈትና የሚዘጋ ማድረግ ነው። ሜሶን የተባለው የቢልድ መሣሪያ ለዚህ ሦስት ሁኔታ አለው፤ የተከፈተ፣ የተዘጋና ራሱ የሚወስን። በኮንፊገር ደግሞ «ዊዝ» እና «ዊዝአውት» የሚሉ ማዘዣዎች አሉ። የትኛውንም መሣሪያ ቢጠቀሙ፣ «የተከፈተ» የሚለው ሁኔታ ጥብቅ እንዲሆን እመክራለሁ፤ ተጠቃሚው ክፈት ብሎ ላይብረሪው ከሌለ ግንባታው ይቁም እንጂ በዝምታ አይለፍ። በመጨረሻም ስክሪፕቱ የትኛው እንደገባ፣ የትኛው እንደቀረ በአጭሩ አትሞ ያሳይ።

ይህ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከርቀት ወደ ሰርቨር የሚገባበት የኤስኤስኤች መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱን ተከታትሎ፣ ፋይል በሚጨምቀው በኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። የኤስኤስኤች ፕሮግራሙ ኦፕንኤስኤስኤች ራሱ የኤክስዜድን ላይብረሪ አይጠቀምም። እንደ ዴቢያንና ፌዶራ ያሉ ሥርጭቶች ግን አገልግሎቱ መነሣቱን አገልግሎቶችን ለሚያስነሣው ሲስተምዲ እንዲያሳውቅ ብለው የሲስተምዲን ላይብረሪ ጨመሩበት፤ ያ ላይብረሪ ደግሞ ኤክስዜድን ይዞ ገባ። አንዲት «ተነሥቻለሁ» የምትል አጭር መልእክት ለመላክ ሲባል፣ ማንም በኤስኤስኤች ዝርዝር ላይ ያልጠበቀው እንግዳ የሰርቨሩ ዋና በር ድረስ ደረሰ። በኋላ ኦፕንኤስኤስኤች 9.8 መልእክቱን ያለዚያ ላይብረሪ መላክ ጀመረ። አማራጭ የሚሉትን ሁሉ ሲጨምሩ እሱ ማንን ይዞ እንደሚመጣ ይመልከቱ።

መስመሩን ይጻፉ

እያንዳንዱ መስመር ስሙን፣ ዝቅተኛ ቨርዥኑን፣ የሚሰጠውን ጥቅም፣ ከሌለ የሚቀረውንና የሚዘጋበትን መንገድ ይያዝ። ይህን ይመስላል፦

ግዴታ። ሌፕቶኒካ 1.74 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከጄፔግና ከፒኤንጂ ላይብረሪዎች ጋር የተገነባ። ከሌለ ግንባታው ይቆማል፤ የምስል ላይብረሪዎቹ ከሌሉ ግንባታው ይሳካል፣ ፎቶ ግን አይከፈትም።

ግዴታ፣ ለሥራ ጊዜ። የአማርኛ ሞዴል ፋይል። ከሌለ ፕሮግራሙ አማርኛ አያነብም። በዚህ ፍላሽ ላይ «ዳታ» በሚለው ማኅደር ውስጥ አለ።

የሚመከር። የእንግሊዝኛ ሞዴል። ከሌለ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ገጽ ላይ እንግሊዝኛው ይበላሻል።

አማራጭ። ከርል። ምስልን ከኢንተርኔት አድራሻ ለማንበብ ብቻ። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ይዝጉት።

«ሊያስፈልግ ይችላል»፣ «ቢኖር ጥሩ ነው» የሚሉ ቃላትን ይተዉ። አንባቢው እዚህ ቦታ ላይ የሚፈልገው ውሳኔ ነው፤ ውሳኔውን ለእሱ አይመልሱበት።

ኔትወርኩን አጥፍተው ይፈትሹ

አዲስ ቨርቹዋል ማሽን ይክፈቱ፣ ኔትወርኩን ያጥፉ፣ የሚልኩትን ፍላሽ ብቻ ይሰኩ። ከዚያ መመሪያውን እንደ እንግዳ ሰው ቃል በቃል ይከተሉ። የዴቢያንና የኡቡንቱ ፓኬጅ መጫኛ የሆነው አፕት የሚመከሩትን ፓኬጆች ሳይጠየቅ አብሮ ስለሚጭን፣ ፓኬጆቹን ወደ ፍላሽ ከማውረድዎ በፊት ያን ልማዱን የሚያጠፋውን ማዘዣ ይጠቀሙ፤ አለበለዚያ ግዴታ ብለው ያልጻፉት ነገር በእሱ በኩል ገብቶ ስሕተትዎን ይሸፍነዋል። ወደ ፍላሹ የሚቀዱት ፓኬጅ ተቀባዩ ካለው የኡቡንቱ ቨርዥንና የፕሮሰሰር ዓይነት ጋር መግጠሙን አስቀድመው በስልክ ይጠይቁ።

ፈተናው የሚያልቀው ፕሮግራሙ ሲነሣ አይደለም። በስልክ የተነሣ አንድ የአማርኛ ገጽ ፎቶ ፍላሹ ላይ ያስቀምጡ፣ ከእሱ የሚጠበቀውንም ጽሑፍ አብረው ያኑሩ። ተቀባዩ ሁለቱን አስተያይቶ ሥራው መሳካቱን ራሱ ይወቅ። ከዝርዝሩ ግርጌ ፍተሻው የተደረገበትን ቀን፣ የሊኑክሱንና የቴሰራክቱን ቨርዥን ይጻፉ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲቀየርም ከግዴታዎቹ ጀምረው ፍተሻውን ይድገሙ።